በሠላሳ ዓመቴ ሕግ መማር ያዋጣኛል? በሙያው ውስጥ ያላችሁ ምከሩኝ

የብድር ክፍል ሠራተኛ (ሐዋሳ) · ጥቅምት 4

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 30 ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ፣ በብድር ክፍል ውስጥ ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። በማታው መርሐ ግብር ሕግ ለመማር የማመልከቻ ቅጽ ከወሰድኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ቅጹ ግን እስካሁን ድረስ ከመሳቢያዬ አልወጣም።

ሐሳቡ የመጣብኝ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ዕድሜያቸው ከስልሳ የዘለለ አባት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልለው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ቤታቸውን ለባለቤታቸው ወንድም ብድር መያዣ አድርገው ነበር፤ ተበዳሪው ደግሞ ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ማስጠንቀቂያ ከሰጡ በኋላ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቁ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ እንደሚችሉ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ታዲያ እኔን የሚሰማ ዳኛ የለም ማለት ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ደብዳቤውን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ «አሁን ያለህን ሥራ ስንቱ ይመኘዋል» ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም። የማታው ትምህርት አምስት ዓመቱን አልፎ ወደ ስድስትና ከዚያም በላይ እንደሚዘልቅ ሰምቻለሁ። ስጨርስ 36 ወይም 37 ዓመት ይሆነኛል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጠበቃ ሆኖ ቤተሰብ ማስተዳደር ይቻላል ወይስ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል? ያለፋችሁበት ሰዎች በቅንነት ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጠበቃና የሕግ አማካሪ (አዲስ አበባ) · ጥቅምት 4

ወንድሜ፣ ሕግ መማርና በጥብቅና መተዳደር ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው በትጋት ይገኛል። ሁለተኛው ግን ትምህርት ቤት የማያስተምራቸውን ብዙ ነገሮች ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዓመት ሲቆጥሩ የትምህርቱን ብቻ አይቁጠሩ። ከመመረቅዎ በፊት የመውጫ ፈተና አለ፤ ይህ ፈተና ለሌሎች የትምህርት ዘርፎች በ2015 ከመጀመሩ በፊት ለሕግ ተማሪዎች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነው። ከዚያ የሥራ ልምድ፣ ከዚያም የጥብቅና ፈቃድ መግቢያ ፈተና ይከተላል። እኔ ፈቃድ ባወጣሁበት ዘመን የነበረው አዋጅ ቁጥር 199/1992 በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለመቆም 2 ዓመት፣ በማንኛውም የፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም 5 ዓመት ይጠይቅ ነበር። በእርሱ ምትክ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ብዙ ነገር ቢለውጥም ልምዱም ፈተናውም አልቀሩም። ልምድ ሲባልም የሕግ ሥራ ልምድ ነው፤ በብድር ክፍል ያሳለፏቸው ሰባት ዓመታት ምንም ያህል ቢጠቅሙዎት ለፈቃዱ አይቆጠሩልዎትም።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። አምስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ ተፈትኜ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በእንግሊዝኛ ጽፌ ወጣሁ። የመጀመሪያዬን የክስ ማመልከቻ ይዤ ሬጅስትራሩ ፊት ስቀርብ ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሁለቱን ገጽ አገላበጠና «ይህ ደብዳቤ ነው እንጂ ክስ አይደለም፤ የምትጠይቀው ዳኝነት የቱ ጋ ነው?» አለኝ። አፍሬ ወጣሁ። ደጅ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የተቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ ነገሩን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጭብጡን ከፍሬ ነገሩ፣ ፍሬ ነገሩን ከማስረጃው ለይተው በንጹሕ አማርኛ ጻፉልኝ። የኔን ዲግሪ የሚያህል ወረቀት እጃቸው ላይ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል በየማታው የፍትሐ ብሔር ሕጉን የአማርኛ ቅጂ እየገለበጥኩ እንደ አዲስ ተማርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ረቂቅ የተጀመረ ቢሆንም በ1952 የወጣው የአማርኛው ቅጂ ነው ችሎት ላይ የሚጸናው። «ይርጋ»፣ «መቃወሚያ»፣ «ወካይና ተወካይ» የሚሉት ቃላት እንደ እናት ቋንቋ ከአፍዎ መውጣት አለባቸው። እርስዎ ሐዋሳ ስለሆኑ ደግሞ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም ሲዳሙ አፎ ያስፈልግዎታል፤ የክልልና የፌዴራል ፈቃድም አንድ አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የቢሮ ኪራይ ከኪስ የሚከፈልባቸው ናቸው። ደንበኛ የሚመጣው በሰው በሰው ነው። ከሚመጡት ውስጥም ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ገና ሳይቀመጡ «ዳኛውን ያውቁታል?» ብለው ይጠይቃሉ። «አላውቀውም፤ ባውቀውም አልነግረውም» ባልኩ ቁጥር ፋይላቸውን ይዘው የወጡ ሰዎች አሉ። ከነዚያ አንዱ ከስድስት ወር በኋላ ገንዘቡን «ጉዳይ እጨርሳለሁ» ባለ ደላላ ተበልቶ ተመልሶ መጥቷል፤ ያን ጊዜ ግን የይግባኝ ጊዜው አልፎ ነበር። ይህን መታገሥ ከቻሉ ሙያው ያበላል።

ዜሮ ዓመት · ጥቅምት 4

እኔ በ2016 ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ እስካሁን አንድ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለ ኮፒ ቤት የሌሎችን አቤቱታ እየጻፍኩ እኖራለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ባየሁ ቁጥር እሮጣለሁ፤ ለሦስት ቦታ የሚሰለፈው ሰው ግን መንገዱን ይዘጋዋል። ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ለቆ ወደዚህ ሰልፍ እንዲገባ አልመክርም። ይቅርታ፣ ምሬቴ ከተሰማዎት እውነት ስለሆነ ነው።

ጡረተኛ ዳኛ · ጥቅምት 5

ልጄ፣ ጠበቃው የጻፈልህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሕግን ሙያ በጥብቅና ብቻ መመዘን አይገባም። አባቶቻችን በችሎት አደባባይ «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ፣ በተጠየቅ ሲረታቱ የኖሩት ሁሉም ገንዘብ ፈልገው አልነበረም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል የመጣው እኮ ሰው ከንብረቱ ይልቅ መሰማቱን ስለሚሻ ነው። የፌስታሉ አባት የጠየቁህም ይህንኑ ይመስለኛል። ሰውየው ቤቴን አትርፉልኝ አላሉህም፤ የሚሰማኝ አለ ወይ ነው ያሉት።

ስለ ዳኝነት ሳልሸፋፍን ልንገርህ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም። ይህን ለመጠበቅ የሚከፈለው ዋጋ ግን ትንንሽ በሚመስሉ ነገሮች ነው የሚከፈለው። በአንድ ወቅት የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት በእኔ ችሎት ተከሳሽ ሆኖ መዝገቡ ደረሰኝ። ወዲያው ከችሎቱ ተነሣሁ፤ መዝገቡም ወደ ሌላ ዳኛ ተላለፈ። በሚቀጥለው ወር ኪራዩ ጨመረ። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ ዕቃ ማሰር ጀመረች። ሠርግ ላይ ብቻህን ትቀመጣለህ፤ ዕድር ላይ ሰው ሲያዋይህ ከጀርባው መዝገብ ይኖር ይሆን ብለህ ትጠራጠራለህ። ማታ ማታ በክንድ ሙሉ መዝገብ ወደ ቤት ይዘህ ትሄዳለህ። እኔ በደመወዙ አልከበርኩም፤ ሆኖም በጽሑፌ ሥር ፈርሜ ያፈርኩበት ውሳኔ ስለሌለኝ እንቅልፌ ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ ግን በሰበር ተሽሮብኛል፤ በአንዱ እስከ ዛሬ አልስማማም!

ፍርድ የምትጽፍበት እጅ ካለህ ግን ዕድሜህ አይከለክልህም። ዳኛ የሚያበላሸው ችኩልነት ነው፤ እርሱን ደግሞ በሰባት ዓመት የብድር ሥራ ትተኸው ይሆናል።

ነገረ ፈጅ ነኝ · ጥቅምት 5

በአንድ የመድን ኩባንያ የሕግ አገልግሎት ውስጥ እሠራለሁ። በውይይቱ ያልተነሣ አንድ ነገር አለ። ጠያቂው ወንድማችን የባንኩ ሠራተኛ ናቸው። ለሽማግሌው ማዘናቸው ሰብአዊነት ነው፤ ነገር ግን የደንበኛን የብድር ፋይል እያዩ ለመያዣ ሰጪው የመከራከሪያ ምክር መስጠት ከአሠሪያቸው ጋር ያላቸውን የታማኝነት ግዴታ ይጥሳል። የሕግ ሙያ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት «የማን ወገን ነዎት?» ብሎ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ለሁለቱም ወገን ማዘን ይቻላል፤ ሁለቱን ወገን ማገልገል ግን አይቻልም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እኔ ከጠበቃው የተለየ አስተያየት አለኝ። እርስዎ ሂሳብ ያውቃሉ። አሁን ሕግና ሂሳብ አብሮ የሚያነብ ሰው በእጅጉ ይፈለጋል። በ2013 ብቻ አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ በቁጥር 1237፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ በቁጥር 1248 ወጥተዋል። የግል መረጃ ጥበቃ በ2016፣ የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ደግሞ በ2017 ተጨመሩ። በእኛ ቢሮ ስለ ኪሣራና ስለ አክሲዮን ውል ሲነሣ የሂሳብ መግለጫውን ገልጦ «ይህ ቁጥር አይገጥምም» የሚል የሕግ ባለሙያ ስንፈልግ ብዙ ጊዜ እናጣለን። ከአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ወዲህ ጠበቆች ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር መሥርተው በድርጅት መሥራት ስለሚችሉም እንደ ድሮው ብቻዎን ቢሮ ከፍተው ደንበኛ መጠበቅ ግድ አይደለም።

እኔ ብሆን ሥራዬን ሳልለቅ በማታ እየተማርኩ፣ በዚያው ባንክ ወደ ሕግ አገልግሎት ክፍል ለመዛወር እጠይቅ ነበር። ያን ጊዜ የሚሠሩት ዓመት በሕግ ሥራ ልምድነት መቆጠር ይጀምር ይሆናል። ደመወዝዎም አይቋረጥም።

የቀድሞ የወረዳ ዐቃቤ ሕግ · ጥቅምት 6

እኔ ሴት ነኝና ከወንድሞቼ ትንሽ የተለየ ነገር ልናገር። ሕግ የመረጥኩት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንዲት የክፍል ጓደኛችን ተጠልፋ ትምህርቷን ስላቋረጠች ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባት ከቅጣት ያድነው እንደነበር፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ያን በር እንደ ዘጋው ዩኒቨርሲቲ ስማር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሕጉ ተስተካክሏል፤ የቀረው መክሰስ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ።

ተመደብኩ። በሁለተኛው ዓመት የጠለፋ መዝገብ እጄ ገባ። ልጅቱ ቃሏን በግልጽ ሰጥታለች፤ አክስቷ ዋና ምስክር ነበሩ። በቀጠሮው ዋዜማ ሽማግሌዎች ገብተው ዕርቅ አወረዱ። በማግስቱ አክስትየዋ ምስክርነት ሲጠየቁ መሐላውን ፈጽመው ካበቁ በኋላ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «አላየሁም» አሉ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሦስተኛው ላይ ቀና ብለው ሲያዩኝ ከውሸታቸው ይልቅ ፍርሃታቸው ታየኝ። ተከሳሹ በነጻ ወጣ። ልጅቱ ከችሎቱ ስትወጣ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሙያውን የተውኩት በዚያ ቀን አይደለም፤ ከዚያም በኋላ ያሸነፍኳቸው መዝገቦች ነበሩ። ሆኖም ሕጉ በጋዜጣ ከታወጀበት ቀን አንሥቶ ምስክር ወንበር እስኪደርስ ድረስ ያለው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ ሳያውቅ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ይሰበራል። እርስዎ በፌስታሉ አባት ምክንያት ከገቡ፣ እንደርሳቸው ያለውን ሰው ብዙውን ጊዜ ማዳን እንደማይችሉ ከወዲሁ ይወቁት። አሁን በአንድ ድርጅት ውስጥ ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር እሰጣለሁ፤ ደመወዙ ያነሰ ነው፤ ተመልሼ ብጠየቅ ግን አሁንም ሕግ እማራለሁ።

ከሜሪላንድ · ጥቅምት 6

በአጭሩ፦ «ሕግ ተምሬ ወደ ውጭ እወጣለሁ» የሚል ሐሳብ ከጀርባ ካለ፣ ከአሁኑ ይተዉት። ሕግ እንደ ነርስነት ወይም እንደ ሂሳብ ሥራ ድንበር አይሻገርም። እኔ በኢትዮጵያ የሕግ ዲግሪ መጥቼ ለኒው ዮርክ የጥብቅና ፈተና ለመቀመጥ 24 ክሬዲት ያለው የማስተርስ ዲግሪ እዚህ መማር ነበረብኝ፤ ክፍያውን ማታ ማታ መኪና እየነዳሁ ነው የጨረስኩት። ፈተናውን ሁለተኛ ጊዜ ላይ አለፍኩ። አሁን የወገኖቻችንን የጥገኝነት ጉዳይ እሠራለሁ፤ በአማርኛ የሰማሁትን ታሪክ በእንግሊዝኛ ለዳኛ ስጽፍ ውዬ አድራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ግን ለዚህ የበቃሁት ሁለት ጊዜ ተምሬ ነው። የሂሳብ ዲግሪዎን አይናቁት።

የብድር ክፍል ሠራተኛ (ሐዋሳ) · ጥቅምት 6

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ውጭ የመውጣት ሐሳብ የለኝም። ነገረ ፈጁ ስለ ወገን የጻፉት ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ፤ እውነት ነው፣ ለሽማግሌው የመያዣ ውሉን ድክመት ፈልጌ ልነግራቸው ሐሳብ ነበረኝ። ጠበቃውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሙያው ለእኔ መሆኑንና አለመሆኑን ሳልመዘገብ በፊት የማውቅበት መንገድ ይኖራል?

ጠበቃና የሕግ አማካሪ (አዲስ አበባ) · ጥቅምት 7

አለ፤ አያስከፍልምም። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። መደበኛ ችሎቶች ከክረምቱ ዕረፍት ተመልሰዋልና ከዓመት ፈቃድዎ ሁለት ቀን ይውሰዱ። የግድያ ክርክር ፈልገው አይሂዱ፤ የፍትሐ ብሔር ችሎት ገብተው ከጠዋት እስከ ምሳ ይቀመጡ። አብዛኛው መዝገብ «መጥሪያ አልደረሰም»፣ «መልስ ይቅረብ» እየተባለ ወደ ሌላ ቀጠሮ ሲሄድ ያያሉ። ከሰለቸዎት ሙያው ይሰለችዎታል። «ለምን አልደረሰም? ማን ነው ያላደረሰው?» ብለው በውስጥዎ መጠየቅ ከጀመሩ ግን ተይዘዋል ማለት ነው።

ሌላው ቀን መቁጠር ነው። በዚህ ሙያ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በቀን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ያለ አግባብ ተባርሬያለሁ ብሎ መጣ። ማስረጃው የተሟላ ነበር፤ የአሠሪው የስንብት ደብዳቤ ራሱ ሕገ ወጥነቱን ይመሰክር ነበር። የተባረረበትን ቀን ጠይቄ በጣቴ ስቆጥር ዘጠና አራተኛው ቀን ሆነ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ ጊዜው ሲያልፍ፣ ይታገዳል። ይህን ስነግረው «አራት ቀን ነው እኮ!» አለኝ። ክፍያዎቹን ጠይቀን አገኘን፤ ሥራውን ግን አላገኘም። «ሽማግሌ ልኬ ስለነበር ነው የዘገየሁት» ያለኝ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ ለእኚያ አባት ነገረ ፈጁ እንዳሉት የውሉን ምክር አይስጡ። ጠበቃ እንዲያማክሩ መንገር ግን ምንም ነውር የለበትም፤ ማንኛውም ጨዋ ሰው የሚናገረው ነው። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌላቸውም ነጻ አገልግሎት መስጠት የእኛ ግዴታ ነው፤ በቀድሞው ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት 50 ሰዓት ተብሎ ነበር የተደነገገው።

የብድር ክፍል ሠራተኛ (ሐዋሳ) · ጥቅምት 15

ማክሰኞና ረቡዕ ችሎት ገብቼ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አራት መዝገብ ተጠርቶ ዘጠኙ በቀጠሮ ተላለፈ። በአንዱ ላይ አንዲት ሴት ጨቅላ ልጅ ታቅፋ ቆማ ነበር፤ ዳኛዋ «ተቀመጪ፣ ተቀምጠሽ ተናገሪ» አሏት። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ሁሉ ስለ አንድ የውክልና ሰነድ ቀን ነበር፤ እኔ ግን ሳላስበው ቀኖቹን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ራሴን አገኘሁት። ረቡዕ ተመለስኩ። አልሰለቸኝም፤ ወገቤ ግን አሞኛል።

ወደ ባንኩ ሕግ አገልግሎት ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መልሱ አልመጣም። የማታው ምዝገባ የሚዘጋው ሐሙስ ነው፤ ቅጹን ሞልቼ የባለቤቴን አስተያየት እየጠበቅሁ ነው፤ ትናንት ማታ የክፍያውን ዝርዝር ከእጄ ወስዳ የሂሳብ ማሽን ይዛ ተቀመጠች። «ዜሮ ዓመት» ለሚለው ወንድሜ፦ በቅርንጫፋችን አካባቢ የሕግ ሠራተኛ የሚፈልግ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ፍላጎት ካለህ በግል መልእክት እልክልሃለሁ።

እኚያ አባት አርብ ተመልሰው መጥተው ነበር። የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠበቃ እንዲያማክሩ፣ ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤው የደረሳቸውን ቀን እንዲያስታውሱ። እስክሪብቶዬን ጠይቀውኝ ቀኑን በፌስታሉ ላይ ጻፉት።